የድሆቹ ተራ

ጫማ ሰፊው ቮሌሮ በሮም ምርጫ ሜዳ ላይ ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ ተሰልፎ አንዴም ድምፅ ሰጥቶ አያውቅም። ሀብታሞቹ ቀድመው ይመርጣሉ፤ አብላጫው ሲገኝ ጉባኤው ይበተናል። መጨረሻ የሚጠሩት ድሆች ፀሐይ ጠጥተው ይመለሳሉ።

ዛሬ ግን ሀብታሞቹ እኩል ለእኩል ተከፈሉ። አዋጅ ነጋሪው «ድሆች!» ብሎ ሲጣራ ቮሌሮ ጆሮውን ማመን አቃተው።

«ሰማህ ኑሜርዮስ? እኛን እኮ ነው!» አለና የልብስ አጣቢ ጎረቤቱን ክንድ ያዘ። ኑሜርዮስ ፊቱ አመድ መስሏል።

«ምነው፣ ልትዳር ነው እንዴ እንዲህ የፈራኸው?»

ቮሌሮ ወደ ድምፅ መስጫው ቅርጫት በሚወስደው ጠባብ የእንጨት ድልድይ ላይ ወጣ። በሰም የተቀባችውን ሰሌዳ ተቀብሎ ስም ጫረባት። ቅርጫቱ ውስጥ ሊጥላት ሲል ከኋላው አንድ ሰው ዱብ አለ። ኑሜርዮስ ነው፤ አረፋ እየደፈቀ ይንፈራገጣል።

«የሚጥል በሽታ! አማልክት ተቆጥተዋል፤ ጉባኤው ተበትኗል!» አለ አዋጅ ነጋሪው።

ቮሌሮ ሰሌዳዋን እንደያዘ ሮጦ የጓደኛውን ራስ ታቀፈ። አረፋው የልብስ ማጠቢያ ሸተተው። ኑሜርዮስ አንድ ዓይኑን ገለጥ አደረገ።

«ተበተነ?» አለ በሹክሹክታ።

«ምን አልክ?»

«ጌታዬ ነው ያዘዘኝ። ‹ድሆች አይመርጡኝም፤ ተራው ከደረሳቸው ውደቅ› አለኝ። ምን ላድርግ፣ የማድረው በእሱ ቤት ነው።»

ቮሌሮ ሰሌዳዋን አፍንጫው ላይ ደቀነለት።

«አንብባት፣ አንተ ከንቱ! የጌታህ ስም ነው። ለአንተ ብዬ ነበር እኮ!»