ጥቁሩ ነጠላ ካልታጠበ

3.

ቁጥር 1 እና ቁጥር 2 ስለ ወንዙ ውበት ነበሩ። ሰረዝኳቸው። ተናድጄ ስለ ውበት መጻፍ አልችልም።

4.

በእኛ ሰፈር ሐዘንተኛ ጥቁር የሚያወልቀው በሙት ዓመቱ ዕለት ነው። ወንዝ ይወርድና ነጠላውን ከዳር በለቀመው እንዶድ ያጥባል። ሳይታጠብ ወደ ቤት የተመለሰ ጥቁር ሌላ ዓመት ይለበሳል።

ዛሬ የአባቴ ሙት ዓመት ነው።

5.

ከእናቴ ጋር የወንዙን ዳር ይዘን ቀስ እያልን ሄድን። ከዋንዛው ጥላ ሥር አረፍ አለች። ሳቢሳ የሚባሉት ወፎች ከላይ ሲንጫጩ ቀና ብላ አየቻቸው።

«እነዚህ ደግሞ እንደ አክስትህ ናቸው፤ ሰው ሲያርፍ አይወዱም» አለች።

ሳቀች። ዓመት ሙሉ ስትስቅ አልሰማሁም ነበር።

የእንዶዱን ፍሬ ለቅማ መቀነቷ ላይ ቋጠረች።

6.

መናፈሻ።

ሰፈሩ ልብስ ያጥብበት የነበረው ጠፍጣፋ ድንጋይ አሁን በገመድ ታጥሯል። ከገመዱ ወዲህ ሰዎች ፎቶ ይነሳሉ።

7.

ንግግሩ እንደነበረ። (ደጉ የመናፈሻው ዘበኛ ነው። የጎረቤታችን ልጅ ነው። የአባቴን የልቅሶ ድንኳን የተከለው እሱ ነው።)

ደጉ፦ እትዬ ጥሩወርቅ፣ እዚህ ማጠብ ተከልክሏል።

እናቴ፦ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ወንዝ ዘበኛ የቆመለት?

ደጉ፦ ትእዛዝ ነው። እንዶድ ዓሣ ይፈጃል፤ ውኃው ውስጥ ዓሣ ተጨምሯል።

እናቴ፦ እሺ፣ እንዶዱ ይቅር። በውኃ ብቻ ላለቅልቀው።

ደጉ፦ እንጀራዬን ሊያሳጡኝ ነው እንዴ? ቤትዎ በሳሙና ይጠቡት።

እናቴ፦ ቤትማ ይዤው ከገባሁ አበቃ። ጠፍቶህ ነው?

ደጉ፦ አልጠፋኝም።

እኔ፦

8.

ያ ባዶ ቦታ የእኔ ነው። ሰው ፊት መናገር ያቅተኛል።

ለዓሣ ዘበኛ ተቀጠረ። ለእናቴ ማን ተቀጠረ?

አንተ የምታነበው፣ ይህን ስማ፦ እናቴ አልጮኸችም። «እሺ ልጄ» አለችና ጥቁሩን መልሳ ተከናነበች። ጫፉን አስተካከለች። እኔን ያቃጠለኝ ያ ማስተካከሏ ነው።

9.

ነጠላውን ከትከሻዋ ላይ ገፈፍኩት። ገመዱን ተሻግሬ ከነጫማዬ ውኃው ውስጥ ገባሁ።

«አንተ! አብደሃል?» ደጉ ተከትሎኝ ገባና አንዱን ጫፍ ያዘ።

ሳብኩ።

ሳበ።

ፎቶ የሚነሱት ሁሉ ስልካቸውን ወደ እኛ አዞሩ።

«ይቀደዳል፣ ልቀቅ!» አልኩ። ድምፄ እኔኑ አስደነገጠኝ።

«አንተ ልቀቅ! ሊያባርሩኝ ነው!»

10.

እናቴ ቀሚሷን ሰብስባ ወረደች። መካከላችን ቆመች። እኔንም እሱንም አላየችም። ሁለታችን እንደወጠርነው መሐሉን ውኃ ውስጥ ደፈቀችና አሸችው።

አሸችው።

አሸችው።

ደጉ ጫፉን በአንድ እጁ እንደያዘ በሌላው ፊሽካውን ወደ አፉ አነሣ።

11.

ጥቁሩ ታጥቧል።