አረንጓዴው ጣሳ

የመጀመሪያው ዳኛ እንዲህ ብሏል፦ «ይለፍ። ማስታወቂያው ‘ያግዛል’ እንጂ ‘ይፈውሳል’ አይልም። መመሪያው የሚከለክለው ‘ይፈውሳል’ የሚለውን ነው።»

ሁለተኛው ዳኛ ደግሞ እንዲህ ብሏል፦ «ይከልከል። ሥዕሉ የተሰበረ መርፌ ያሳያል። የታመመ ሰው ቃል አይመዝንም፤ ተስፋ ነው የሚመዝነው። ይህን ያየ ሰው መድኃኒቱን ይጥላል።»

ሁለቱ ፍርዶች ስክሪኑ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ከሥራቸው ማስታወቂያው ራሱ አለ፦ አረንጓዴ ጣሳ፣ ከጣሳው አፍ የሚፈስ የቅጠል ዱቄት፣ ለሁለት የተሰበረ መርፌ፣ ከላይ በትልልቅ ፊደል «መርፌ ይብቃ! ስኳርዎን በተፈጥሮ መንገድ ለመቆጣጠር ያግዛል።» ጥጉ ላይ ዘጠና ሰከንድ ወደ ኋላ እየቆጠረ ነው።

ሁለት ዳኞች ሲለያዩ ጉዳዩ ወደ ሦስተኛ ሰው ይሄዳል። በአዳራሹ ካሉት ሃያ ሁለት ሠራተኞች ይህ ሥራ የተሰጠው ለአንድ ሰው ብቻ ስለሆነ ስሙ ተረስቶ «ሦስተኛው» ተብሎ ቀረ። ሰው ስልኩን አውጥቶ አንድ ነገር ሲፈልግ ከመልሱ ጋር ብቅ የሚሉትን ማስታወቂያዎች የሚያጣሩት እነዚህ ሰዎች ናቸው። ሌሎቹ ፍርዳቸውን ይጽፋሉ። ሦስተኛው ግን ፍርዱን ከነምክንያቱ ጮክ ብሎ ይናገራል፤ ድምፁ ይቀዳል፤ ማሽኑም ከድምፁ ይማራል። ደንቡ ይህ ነው። አዲስ ገቢዎች መጀመሪያ ሲሰሙት ጸሎት የሚያደርስ ይመስላቸው ነበር።

ሰከንዱ ወደ ሰባ ወረደ። ሦስተኛው ወደ ስክሪኑ ተጠጋ።

ጣሳውን ያውቀዋል። ታላቅ እህቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ ከስፌት መኪናዋ አጠገብ እንዲህ ያሉ ሦስት ጣሳዎች ተደርድረዋል። በአንዱ ነጭ የሸሚዝ ቁልፍ፣ በአንዱ ጥቁር፣ በቀረው የተደበላለቀ። ስንት ጊዜ እጁን ሰዶ ቁልፍ አቀብሏታል። ቁልፉ ከመግባቱ በፊት ምን እንደነበረበት ግን አንድ ቀን እንኳ አልጠየቀም።

ከማስታወቂያው በላይ አንዲት ቢጫ መስመር አለች፦ «ተመሳሳይ ጉዳይ ከስምንት ወር በፊት ተወስኗል። ይለፍ። ዳኛ ቁጥር አራት መቶ አሥራ ሰባት።»

አራት መቶ አሥራ ሰባት እሱ ራሱ ነው።

ያኔ የመጀመሪያውን ዳኛ ጽሑፍ ደግሞ አነበበው። ቃሉ የራሱ ነው። ከስምንት ወር በፊት እሱ የተናገራት ዓረፍተ ነገር ተወድሳ፣ «ምሳሌ አሥራ ሁለት» ተብላ የሥልጠናው መጽሐፍ ውስጥ ገብታለች፤ አዲስ ገቢዎች እንደ ማባዣ ሰንጠረዥ ይሸመድዷታል። በዚያን ቀን ኮርቶ ነበር። ዳኛ የተጻፈውን ያያል እንጂ ልብ አይመረምርም ብሎ ያምናል፤ ነጋዴው ቢሆንም ባልተናገረው ነገር ሊከሰስ አይገባም። ሥዕሉን አይቶት እንደሆነ አሁን አያስታውስም።

«ይቆይ» የሚለውን ነካ። እያንዳንዱ ዳኛ በቀን አንድ ጉዳይ ማቆየት ይችላል፣ ያውም እስከ ሥራ መውጫ ድረስ ብቻ።

«ምነው ቆምክ?» አሉት ከጎኑ የሚቀመጡት ሽማግሌ። ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው፤ ሁሉም «መምህር» ይሏቸዋል። «ዛሬ እንኳ የሚቆምበት ቀን አይደለም።»

እውነታቸውን ነው። ጠዋት ቡድን መሪዋ ሁሉንም ሰብስባ ወሬውን ነግራቸዋለች። መፈለጊያው ተለውጧል፤ ከእንግዲህ ሰው ሲጠይቅ የድረ ገጽ ዝርዝር አይደለም የሚወጣለት፤ ማሽኑ ራሱ መልስ ይሰጣል፤ ማስታወቂያውም መልሱ ውስጥ ይገባል። ለወራት በሙከራ ላይ የቆየው አሠራር ከሰኞ ጀምሮ ለሁሉም ይከፈታል። የሚያጣራውም ማሽኑ ነው። ከሃያ ሁለቱ የሚቀሩት ሦስት ናቸው፤ መስፈርቱ ወጥነት ነው፤ ማለትም የዳኛው ፍርድ ቀድሞ ከተወሰነው ጋር ምን ያህል እንደሚገጥም። ዝርዝሩ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል።

«ሦስተኛው ሦስተኛ ወጣ!» ብለው ነበር መምህር ጮክ ብለው። «ከስሙ የማይሸሽ ሰው!» ሰዉ ሁሉ ሳቀ። እሳቸው አሥራ ዘጠነኛ ናቸው። «ይከልከል» ማብዛታቸው ነው የጣላቸው።

ምሳ ሰዓት ላይ ሦስተኛው ሳይበላ ወጣ።

የእህቱ ቤት ከመሥሪያ ቤቱ ሁለት መንገድ ዘልቆ ነው፤ የፊቱ ክፍል የስፌት ሱቅ፣ የኋላው መኝታ ቤት። እናታቸው ከሞቱ ወዲህ ያሳደገችው እሷ ናት። ያስተማረችው በዚያች መኪና ነው፤ ቀኝ እግሯ ፔዳሉን ሲረግጥ እየሰማ ነው ትምህርቱን ያጠናው። ዛሬ ሲደርስ መኪናው ዝም ብሏል። እሷ ወንበር ላይ ተቀምጣ ቀኝ እግሯን ሌላ ወንበር ላይ ሰቅላ የቀሚስ ጫፍ በእጇ ትዘመዝማለች። እግሯ በነጭ ፋሻ ተጠቅልሏል። ጫማ ነከሰኝ ካለችው ሁለት ወር አልፏል።

«ዛሬ ደግሞ ምን ነፋስ ጣለህ? ምሳ የለም፤ ጾመኛ ነኝ ዛሬ» አለችው።

«እትዬ፣ እነዚህ ጣሳዎች ከየት መጡ?»

«ቁልፍ ጎደለህ?»

«ከየት መጡ አልኩሽ።»

ክሩን በጥርሷ በጠሰችው። ሦስተኛው መልስ ሳይጠብቅ ወደ ኋላ ገብቶ ማቀዝቀዣውን ከፈተ። በየወሩ ራሱ እየገዛ በእጇ የሚሰጣት ኢንሱሊን እንደተደረደረ አለ። አምስት ፓኮ። አንዱም አልተከፈተም። አንዱን አንሥቶ አገላበጠው።

«ውጣ ከዚያ፣ ብርዱን ታስወጣብኛለህ» አለች ከወዲያ።

ወጣ።

«መርፌው ሰለቸኝ» አለች ሳትጠየቅ። «ቀን ሙሉ በመርፌ ጨርቅ ስወጋ እውላለሁ፣ ማታ ደግሞ ራሴን። አንድ ቀን ስልኩን ‘ለስኳር ምን ይሻላል?’ ብዬ ጠየቅኩት። መለሰልኝ። እንደ ሐኪም ቁጭ አድርጎ አስረዳኝ፤ ይህን ብዪ፣ ያን አትብዪ፣ ተራመጂ፣ እያለ። እዚያው መልሱ መሃል ይሄ ጣሳ አለ። ገዛሁ።»

«ማስታወቂያ ነው እኮ እትዬ!»

«ማስታወቂያ መሆኑ ጠፍቶኝ ነው? ግን አንተ እዚያ አይደለህ እንዴ የምትሠራው? ‘ውሸቱን የምናጣራው እኛ ነን’ ስትል አልነበር፣ እዚችው ወንበር ላይ ተቀምጠህ? እኔማ ጎረቤቱን ሁሉ ‘የኔ ወንድም ያላየው አይወጣም’ ስል ነው የከረምኩት። አልፎ ከመጣ እውነት ነው አልኩ። ጥፋቴ እሱ ነው።»

ሦስተኛው ፋሻውን አየ። ከሥሩ የሚመጣውን ሽታ እስካሁን የሙጫ ሽታ አድርጎት ኖሯል።

«ሐኪም ቤት እንሂድ፤ አሁኑኑ።»

«ጠዋት ሄጄ መጣሁ። ሐሙስ ይቆረጣል አሉኝ፤ ከቁርጭምጭሚቱ በላይ። ጾመኛ ነኝ ያልኩህ ለዚህ ነው፤ እህል አልወርድ አለኝ።» ፈገግ ለማለት ሞከረች። «ሳይቃጠል በቅጠል ይላሉ። እኔ በቅጠሉ ተቃጠልኩ።»

አልሳቀም። ወለሉ ላይ፣ ከፔዳሉ አጠገብ ተቀመጠ። ብረቱ በሠላሳ ዓመት እርግጫ መሃሉ ጎድጉዶ ያበራል።

«እትዬ፣ ያሳለፍኩት እኔ ነኝ» አለ። «ከስምንት ወር በፊት፤ ሁለት ሰዎች ተለያይተው ወደኔ መጣ። ‘ያግዛል’ ነው የሚለው ብዬ አሳለፍኩት። ከዚያ ወዲህ ሁሉም የኔን ፍርድ እያየ ነው የሚያሳልፈው።»

መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰካች። ከውጭ አንዲት ደንበኛ «ቀሚሴ ደረሰ?» ብላ ጮኸች። «ነገ!» አለች እህቱ፣ ድምፅዋ ሳይለወጥ። ደንበኛዋ ሄደች።

«አሁን ምን ልበልህ?» አለችው። «ልጄ ብትሆን እመታህ ነበር። ወንድም ግን ካደገ አይመታም።»

«ዛሬ ያው ማስታወቂያ መልሶ መጥቶብኛል። ልከለክለው ነው።»

«ከከለከልከውስ?»

ዝርዝሩን ነገራት። ሦስት ሰው እንደሚቀር፣ ወጥነት ስለሚባለው ነገር፣ ሦስተኛ እንደሆነ። በልጅነቱ እንደምታደርገው ተረጋግታ አዳመጠችው።

«ከሐሙስ በኋላ ይቺ መኪና ቆማ ትቀራለች» አለች። «በግራ እግር ልማር ብል ስንት ዓመት ይፈጅብኛል? የምቀመጠው አንተ ላይ ነው። እግሬ አንዴ ሄዷል፤ የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም። ሥራህን እንዳትነካ። ሰማኸኝ?»

«ሌላ ሰውስ? እንዳንቺ ያለ?»

«አላውቅም» አለች፤ እጇ ክርና መርፌ ፈለገ። «ስለ ሌላ ሰው ማሰብ የሚችል እግር ያለው ነው።»

ይህን ብላ ፊቷን አዞረች። እንደዚያ ስትናገር ሰምቷት አያውቅም፤ እሷም ራሷን ሰምታ የደነገጠች መሰለው።

ሲመለስ የመውጫ ሰዓት ሊደርስ ትንሽ ቀርቷል። ቡድን መሪዋን መስኮቱ ጋ አገኛት። ክፉ ሰው አይደለችም፤ በለጠፈችው ዝርዝር ላይ ከሚቀሩት መካከል የራሷም ስም አልነበረም።

«አለቃ፣ ያቆየሁት ጉዳይ አለ። የራሴን ፍርድ ብገለብጥ ምን ይሆናል?»

«ይቺ አንዷ ትታገዳለች።»

«ሌሎቹስ፣ ተመሳሳዮቹ?»

«ይቀጥላሉ። ማሽኑ ትምህርቱን ባለፈው ዓርብ ጨርሷል። ከዚያ ወዲህ የምትናገሩት ይቀዳል እንጂ ለምንም አይውልም። ውሉ እስኪያልቅ ነው።»

«ሰው ተጎድቷል ብልስ? ለማን ነው የሚነገረው?»

«ቅጽ አለ» አለች፣ ዓይኗን ሰብራ። «ቅጹንም የሚያነበው ማሽኑ ነው።»

«እኔስ?»

«ራስን መገልበጥ ነጥብ በእጥፍ ያስቀንሳል። አራተኛ ትሆናለህ።» ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ወንድሜ፣ ዛሬ ጀግና መሆን የሚጠቅመው ሰው የለም» አለችው።

ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። መምህር ዕቃቸውን በካርቶን እያስገቡ ነበር፤ መነጽር፣ ኩባያ፣ የጀርባ ትራስ። ስክሪኑ ላይ አረንጓዴው ጣሳ ሲወጣ እጃቸው ቆመ። ዳኞች ማን ምን እንደጻፈ አይተዋወቁም፤ መምህርን አንድ ዓመት ሲያወሩ የሰማ ግን ሁለተኛውን ፍርድ ማን እንደጻፈው አይጠፋውም።

«ያቆምከው እሷን ነው?» አሉ ቀስ ብለው። «ጎሽ፣ ልጄ። እኔ እንኳ በመጨረሻ አንድ ሰው አነበበኝ ማለት ነው።»

ሦስተኛው ሊያያቸው አልቻለም። ሰከንዱ ከዘጠና ተነሣ። ሥዕሉን በዚህኛው ጊዜ በደንብ አየው። መርፌው የተሰበረበት ቦታ ላይ ሠዓሊው ትንሽ ብርሃን ጨምሮበታል፤ ነጻ የወጣ ሰው ደስታ እንዲመስል። ሥዕሉ ውሸት ነው። ሁለተኛው ዳኛ ልክ ነው፣ ያኔም ልክ ነበር። ይህን ለማወቅ ሦስተኛ ሰው አያስፈልግም ነበር።

ሠላሳ ሰከንድ ቀረ። ያልተከፈቱት አምስት ፓኮዎች ትዝ አሉት፤ ከሐሙስ በኋላ በየወሩ ስድስተኛ፣ ሰባተኛ፣ ስምንተኛ መጨመር አለበት። አሁን ትወስደዋለች። የሚገዛላት ካለ።

አሥር ሰከንድ ሲቀር ወደ ድምፅ መቅጃው ጎንበስ አለ። መምህር ካርቶናቸውን እንዳቀፉ ጆሯቸውን ቀና አደረጉ።

«ዳኛ ቁጥር አራት መቶ አሥራ ሰባት» አለ፣ አዳራሹ ሁሉ በሚሰማው ድምፅ። «ማስታወቂያው ‘ያግዛል’ እንጂ ‘ይፈውሳል’ አይልም። ይለፍ።»