የማባረሪያ ዋጋ

በጫማ ተራ ዋጋ በመጥራት እኔን የሚስተካከል የለም። ራሴን ልካብ ብዬ አይደለም፤ ተራው ሁሉ «ምላጭ» የሚለኝ በከንቱ ከመሰላችሁ ግን ተሳስታችኋል። ትምህርት አራተኛ ክፍል ላይ ያቆምኩት እማዬን የሚያግዛት ሰው ስለጠፋ እንጂ ጭንቅላት አንሶኝ አይደለም። የሂሳብ መምህራችን ራሱ ኋላ ጫማ ሊገዛ መጥቶ በሂሳብ ረትቼው ነው የሄደው።

እማዬ የምትሸጠው ሰልባጅ ጫማ ነው። ቦንዳው ሲፈታ ግራና ቀኙ ተለያይቶ፣ ማሰሪያው ተጠላልፎ፣ አንዳንዱም የማናውቀውን ሰው ካልሲ በሆዱ ይዞ ይወጣል። እኔ በጥርስ ብሩሽ እፈትገዋለሁ፣ ጋዜጣ ጎስጉሼ ቅርጹን እመልሳለሁ፣ ከዚያ ዋጋ እጠራለሁ።

ዋጋ ዓይነት አለው። የመክፈቻ ዋጋ አለ፣ የደንበኛ ዋጋ አለ፣ ዝናብ ሊመጣ ሲል የሚጠራ ዋጋም አለ። ከሁሉም የምወደው የማባረሪያውን ነው። ጫማውን በጣቱ ጫፍ አንስቶ የሞተ አይጥ እንደያዘ የሚያገላብጥ ሰው አይጠፋም። «እንዲህ ያለውን አትስደቢው» ትላለች እማዬ፤ «ሰማይ የሚነካ ዋጋ ጥሪለት፣ በራሱ እግር ይሄዳል።» አብራ ያስተማረችኝ የተራው ደንብ ደግሞ አለ፦ ዋጋ ጠርተሽ ሰውየው እሺ ካለ ጫማው ሄደ። «ቀልዴን ነው» ብትይ ከዚያ በኋላ ቃልሽን ማንም አይገዛሽም። ስለዚህ የማባረሪያ ዋጋ እሺ የማይባል መሆን አለበት። ጠርቼው እሺ ያለኝ ሰው አንድም አልነበረም።

ታላቅ እህቴን እቴቴ እላታለሁ። ብስኩት ፋብሪካ፣ ማሸጊያ ክፍል ነበር የምትሠራው። ከሥራ ስትገባ ልብሷ ቫኒላ ቫኒላ ስለሚሸት አጠገቧ ለመተኛት እጓጓ ነበር። አምና የፈረቃ ኃላፊዋ ካርቶን አምጪ ብሎ መጋዘን ላካት፤ ተከትሏት ገባና በሩን ዘጋው። ከዚህ በላይ እኔ አልናገርም። ነገሩ የእሷ ነው፤ ስትፈልግ ለፈለገችው ሰው ትናገረዋለች።

በማግስቱ ለእማዬ ነገረቻት። እማዬ አልጮኸችም። ሱቁን ሳትከፍት ይዛት ወደ ጤና ጣቢያ ሄደች፣ ከዚያ ወደ ፖሊስ። ሰውየው ሲጠየቅ «ሐሰት ነው» አለ። ያየ ሰው አልነበረም። ከብዙ ወራት በኋላ ዐቃቤ ሕጉ ማስረጃው አይበቃም ብሎ መዝገቡን ዘጋው። ሰውየው ፈረቃው ላይ ቀጠለ፤ እቴቴ አልተመለሰችም። እኛ ሱቅ መጥታ ከመደርደሪያው ጀርባ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተቀመጠች፤ ሥራዋ ግራውን ከቀኙ ማጣመር ሆነ።

ስለ አንዲት ጠበቃ የነገረችን የጤና ጣቢያዋ ነርስ ናት። ለእንዲህ ያለው ጉዳይ ክፍያ አትቀበልም አለችን። ቢሮዋ ከፎቶ ኮፒ ቤት በላይ ነው፤ ከታች ያለው ማሽን ሥራ በጀመረ ቁጥር ወለሉ እግር ይነዝራል። እማዬ ሱቅ ጠብቂ ብላኝ ነበር። ለጎረቤታችን ለጋሼ ቀበቶ አደራ ሰጥቼ ተከተልኳቸው። ጋሼ ቀበቶ ቀበቶ የሚሸጥ ሽማግሌ ነው፣ ሌላ ምን ይባላል።

ጠበቃዋ አጭር ሴት ናት፣ መነጽሯን በገመድ አንገቷ ላይ አንጠልጥላለች። ስታወራ የምታየው እቴቴን ብቻ ነው።

«መዝገቡ ተዘጋ ማለት ነገሩ አልተፈጸመም ማለት አይደለም» አለቻት። «ሰው ለማሳሰር ጥርጣሬ የማያስገባ ማስረጃ ያስፈልጋል። ያ ክስ ደግሞ የመንግሥት ነው፤ አንቺ እዚያ ውስጥ ምስክር ነሽ እንጂ ባለቤት አይደለሽም። ለበላይ ዐቃቤ ሕግ አቤት ማለት ይቻላል፤ እሱን እናደርጋለን። ግን የራስሽ የሆነ ሌላ ክስ አለ፣ የፍትሐ ብሔር ይባላል። ለደረሰብሽ ጉዳት ካሳ የምትጠይቂበት ነው። እዚያ ባለቤቷ አንቺ ነሽ። ታቀርቢዋለሽ፣ ትተይዋለሽ፣ ትስማሚበታለሽ፤ ያለ አንቺ ፈቃድ ማንም አይነካውም።»

«እስር የለውም?» አለች እማዬ።

«የለውም። ግን እዚያ ዳኛው የሚጠይቀው የማን ቃል ይበልጥ እውነት ይመስላል ብሎ ነው። ሚዛኑ ወደ አንዱ ጋደል ካለ ይበቃል።»

«ስንት እንጥራ?» አልኩ እኔ።

ሦስቱም ዞረው አዩኝ።

«ይቺ ማናት?» አለች ጠበቃዋ።

«ቅጣቴ ናት» አለች እማዬ።

ጠበቃዋ ወደ እቴቴ ተመለሰች። «ከዚያ ቀን በፊት ስለ ሰውየው ለማንም ተናግረሽ ነበር?»

«ለአስተዳደር ደጋግሜ ተናግሬያለሁ።»

«ምን አሉሽ?»

«ተጫዋች ነው፣ ልመጂው አሉኝ።»

ጠበቃዋ መነጽሯን አደረገች። «እንግዲያው የምንከሰው እሱን ብቻ አይደለም። እያወቁ ዝም ካሉ ፋብሪካውም ይጠየቃል።» ለሕክምናው፣ ለቀረባት ደመወዝና ለደረሰባት ሥቃይ ካሳ መጠየቅ እንደሚቻል ነገረቻት። ችሎቱ በዝግ እንዲሆን፣ ወሬ ፈላጊ እንዳይገባ ማመልከትም ይቻላል። «አንድ ነገር ግን አለ፣ ይርጋ ይባላል። ጊዜው ካለፈ ክሱን የሚቀበልሽ የለም። የቀረሽ ይህ ወር ብቻ ነው።»

«ሁሉንም እንደገና ልናገረው ነው?» አለች እቴቴ።

«አዎ። እሱን አልዋሽሽም።»

«ላስብበት።»

ቀናት አለፉ። እቴቴ እያሰበች ጫማ አጣመረች። እማዬ ተይው ልትል አፏን ትከፍትና ትዘጋዋለች። እኔ እንኳ አልጠየቅኳት። ስታስብ ስታስብ ወሩ ሊያልቅ ሆነ።

አንድ ጠዋት አዲስ ቦንዳ ተፈታ። እማዬ የጫማ ቀለም ልትገዛ ሄደች፣ እቴቴ ቧንቧው ጋ ሶል ልታጥብ ወጣች፣ እኔ ብቻዬን ነገሥኩ። አንድ የቸኮለ ሰውዬ ቅዳሜ ሠርግ አለብኝ ብሎ ጥቁር ቆዳ ጫማ አነሳ፣ አንዱን እግር ለካ፣ ሌላውን ሳይለካ ከፍሎ እብስ አለ። ሽያጭ ማለት እንዲህ ነው እያልኩ ሳለ ከረባት ያሰረ ሰው ከፊቴ ቆመ።

የብስኩት ፋብሪካው ጉዳይ ፈጻሚ ነኝ አለ። ጠበቃዋ የእቴቴን የሥራ ማኅደር ጠይቃቸው ነበር፤ ነገሩ እንደሸተታቸው ገባኝ።

«ትልቅ ሰው የለም?»

«ምን ጎደለኝ?»

አንድ ጫማ በጣቱ ጫፍ አነሳ። የሞተ አይጥ አያያዝ። «እህትሽ ገና ወጣት ናት» አለ። «ፍርድ ቤት ብትሄድ የሚጠፋው የራሷ ስም ነው። ፋብሪካው ሊረዳት ይፈልጋል። በቤተሰብ ብንጨርሰው አይሻልም? ምን ይበቃችኋል?»

ጋሼ ቀበቶ ቀበቶ መስቀሉን ተወ። እኔ ደሜ ፈላ፤ መስደብ ግን ክልክል ነው። ስለዚህ ዋጋ ጠራሁ። ስንት እንደሆነ አልናገርም፤ ብቻ ተራውን ከነጣሪያው፣ ጋሼ ቀበቶንም አስመርቆ የሚገዛ ነበር።

ሰውየው ዓይኑን አላርገበገበም። «እና ለማንም አትናገርም? የትም ቦታ?»

«በዚህ ዋጋ እንኳን እሷ እኔም ዝም እላለሁ» አልኩት።

«እሺ» አለ። ጫማውን አስቀመጠ፣ ጣቱን በመሐረብ ጠረገ። «ቅዳሜ ወረቀቱን ይዤ እመጣለሁ።»

ሄደ።

«ምላጭ» አለ ጋሼ ቀበቶ፣ «ምን አደረግሽ?»

«ላባርረው ነበር።»

«ሰውየው እኮ እሺ ብሏል።»

እማዬ መጥታ ስትሰማ ያልተፈታው ቦንዳ ላይ ቁጭ አለች። ትመታኛለች ብዬ ጠበቅኩ። እሷ ግን «ምናልባት ይሻል ይሆናል» አለች በቀስታ። «ልጄ እዚያ ቆማ በነገር ከምትወጋ። ከዚህ ሰፈር እንወጣለን። ትረሳዋለች።»

«ማን ነው የሚረሳው?» አለች እቴቴ። ሶል በያዘ እርጥብ እጇ ከኋላችን ቆማለች። ከየት ጀምራ እንደሰማች አላውቅም። ወደ እኔ ዞረች። «ስንት አልሽው?»

ነገርኳት።

«አልተከራከረም?»

«አልተከራከረም።»

«ትንሽ ቀንሺ እንኳ አላለም?»

«ምንም።»

ሶሉን አስቀመጠችው። እሷም የጫማ ሻጭ ልጅ ናት፤ እኔ ሳልወለድ እዚህ ተራ ድክ ድክ ስትል ነው ያደገችው። ያለ ክርክር የሚገዛ ሰው ሲመጣ እዚህ ማንም ደስ አይለውም፤ ጫማው ውስጥ እኛ ያላየነውን ነገር አይቷል ማለት ነው። ሰውየው ከሄደ በኋላ ነው ሻጩ ራሱን የሚደበድበው።

«ተነሱ» አለች፣ «ጠበቃዋ ጋ እንሂድ።»

ጠበቃዋ ሁሉንም ሰምታ መጀመሪያ የጠየቀችው ዕድሜዬን ነው። አሥራ አምስት አልኩ።

«ቃልሽ ማንንም አያስርም» አለችኝ። «ሠላሳ ቢሆንሽም አያስርም፤ ነገሩ የአንቺ አይደለም። ግን ሰውየው ሄዶ ‹ቤተሰቡ የፈለገው ገንዘብ ነው› ሊል ይችላል። እሱን እኔ እመልሰዋለሁ። እናንተ ይቺን ልጅ ከከረባት አርቁልኝ።»

ከዚያ ወንበሯን ወደ እቴቴ ሳበች። «ስምምነት ነውር አይደለም። ተስማምተው ኑሯቸውን የቀጠሉ ሴቶች አሉ፣ ማንም ሊፈርድባቸው አይችልም። አንቺም ከፈለግሽ ቁጭ ብዬ እያንዳንዱን ቃል አይልሻለሁ። ብቻ የሚገዙት ምን እንደሆነ አውቀሽ ሽጪ።»

«ዝም እንድል ነው» አለች እቴቴ።

«አዎ።»

ማሽኑ ከታች ተነሳ፣ ወለሉ ነዘረን፣ ቆመ።

«ይህን ያህል የሚከፍሉት» አለች እቴቴ፣ «ከእኔ በፊት ዝም ያለች ሌላ ኖራ ይሆን?»

«አላውቅም። ላትኖርም ትችላለች። ፍርድ ቤት ከሄድን ግን አስተዳደሩን አስምለን መጠየቅ እንችላለን።»

«ማሸጊያ ክፍል በየጊዜው አዲስ ልጆች ይገባሉ» አለች እቴቴ። ይህን ያለችው ለማንም አልነበረም። ከዚያ እማዬን አየቻት። እማዬ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች። «ክሱ ላይ የት ነው የምፈርመው?» አለች እቴቴ።

ደረጃውን ስንወርድ እኔ አንድ ነገር ሲከነክነኝ ነበር። ካሳም ገንዘብ ነው፣ ዋጋም ገንዘብ ነው፤ ታዲያ እኔ ምን አጠፋሁ? ቤት እስክንደርስ አሰብኩት። ዋጋ ከተቀበልሽ ዕቃው ይሄዳል፤ ደግመሽ ያንቺ ነው ልትይ አትችይም። ካሳ የሚቀበል ሰው ግን የሸጠው ነገር የለም። የወሰደበት ሰው መውሰዱ በዳኛ ፊት ተነገረ ማለት ነው፣ ነገሩም የተበዳዩ እንደሆነ ይቀራል። አራተኛ ክፍል ይህን አያስተምሩም፤ አምስተኛ ላይ ይሆናል።

ቅዳሜ ጠዋት እቴቴ ወንበሯን አዞረችው። ከመደርደሪያው ጀርባ ወጥታ፣ የጫማውን ክምር እግሯ ሥር አድርጋ፣ ፊቷን ወደ መንገዱ ሰጥታ ተቀመጠች። ጋሼ ቀበቶ ፀሐይ እንዳይመታት ቀበቶ የተሰቀለበትን ሸራ ገፋ አደረገላት።

ከረባቱ ወረቀቱን በፕላስቲክ ይዞ መጣ። እቴቴን ሲያይ ትንሽ ተደናገረ።

«ተስማምተናል እኮ» አለ። «ዋጋ ተጠርቷል፣ እሺ ብያለሁ። እኚህ አባት ሰምተዋል።»

«የጠራችው እሷ ናት» አለች እቴቴ፣ «የነገሩ ባለቤት እኔ ነኝ። የሰው ዕቃ ላይ የተጠራ ዋጋ ይጸናል ወይ? ጠይቃቸው።»

ጋሼ ቀበቶ ጉሮሮውን ጠረገ። «በእኛ ተራ አይጸናም» አለ።

«የሚጨመር ከሆነ…»

«አይጨመርም። ክሱ ሐሙስ ገብቷል፣ የፋብሪካው ስም አለበት። ከዚህ በኋላ ነገር ካለህ ለጠበቃዬ ንገራት።»

ሰውየው ወረቀቱን እንደያዘ ሄደ። እቴቴ ወደ ግድግዳው አልዞረችም። ጎንበስ ብላ ክምሩን መፈተሽ፣ ማጣመር ጀመረች።

ትንሽ ታገስኩ። ከዚያ በላይ አልቻልኩም።

«እቴቴ፣ እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ግን» አልኩ፣ «እኔ ያን ዋጋ ባልጠራ ኖሮ ምን ያህል እንደፈሩሽ ታውቂ ነበር? ነገሩን የገለጥኩት እኔ ነኝ። እንዲያውም ጠበቃ መሆን ነበረብኝ።»

እቴቴ ከክምሩ ውስጥ ጥቁር ቆዳ ጫማ አወጣች፤ ደግማ ሌላ አወጣች። ጎን ለጎን አድርጋ አየቻቸው፤ ሁለቱም ቀኝ ናቸው። ከመንገዱ ማዶ አንድ ሙሉ ልብስ የለበሰ ሰውዬ ጫማውን በእጁ አንጠልጥሎ፣ በካልሲው እየረገጠ ወደ እኛ ይመጣል።

«ጠበቃ?» አለች። «አንቺ እኔን ልትሸጪ ነበር። የሸጥሽው ደግሞ ለዚያ ሰውዬ ሁለት ግራ ነው። ተነሺና መልሺለት።»