ሞላ ልብ የገዛበት ዓመት

ሞላ የቆቦ ከብት ገበያ ደላላ ነው። ለቅሶ ቤት ሳይቀር ስለሚስቅ፣ ለሽማግልና የሚጠራው ሰው አልነበረም። ሚሌኒየሙ በገባበት ዓመት ግን፣ ማሽላው ሲታጨድ፣ ፊቱ ጸጥ አለ። ቢቀልዱበት አይስቅ፣ ቢሰድቡት አይኮሳተር። ገበያው «ሞላ ልብ ገዛ» ብሎ ፈረደ። ወዲያው ሮቢት ላይ የወሰን ጠብ እንዲያይ ተጠራ። ባላጋራዎቹ ያን ፊት ሲያዩ ደንግጠው ታረቁ። ሞላም ከዘራ ገዛ።

ሚስቱ በላይነሽ አልተደነቀችም።

«አያ ሞላ፣ ሻዩ በአገጭህ እየወረደ ነው» አለችው። «ስትተኛም ዓይንህ አይከደንም። ሬሳ ያገባሁ ነው የሚመስለኝ።»

መጀመሪያ ያየው ሐኪም፣ ንፋስ የመታው ሰው አፉ ወደ አንድ ወገን ይሄዳል፣ ይሄ ቀጥ ያለ ነው ብሎ መለሳቸው። ሁለተኛዋ ዶክተር ፈሪሀ ናት።

«ይጨፍኑ» አለችው። ጨፈነ፤ የዓይኑ ነጭ ግን ይታያል።

«ያፏጩ።» ትንፋሽ ብቻ ወጣ።

በሁለቱም ጆሮዎቹ ስር ያበጠውን ዳበሰች፤ የቀላ ዓይኑን በመብራት አየች።

«ፊትን የሚያንቀሳቅስ ነርቭ በግራም በቀኝም አለ» አለች። «አንዱ ቢታመም ፊትዎ ይጣመምና አገር ያውቅልዎ ነበር። የእርስዎ ሁለቱም እኩል ስለደከሙ ቁምነገር መሰለ። ሰውነትዎ በገዛ ራሱ ላይ ተነስቶ ያመጣው ብግነት ነው።»

ሳንባ ነቀርሳ አለመሆኑን በራጅና በአክታ አጣርታ ክኒን አዘዘች።

«ካልወሰድኩስ?» አለ ሞላ።

«ዓይንዎ ይደርቃል፤ ሊጠፋም ይችላል።»

«ከወሰድኩስ?»

«ይስቃሉ።»

ሞላ አሰበበት። «ጎብዬ ለእርቅ ተጠርቻለሁ፤ እሱ እስኪያልቅ ብንቆይስ?»

«ቆይ» አለች በላይነሽ። «ስትታወር ደግሞ ጳጳስ ያደርጉህ ይሆናል።» ክኒኑን እዚያው አስዋጠችው።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ለእርቁ ጎብዬ አብራው ሄደች። ነገሩ፣ የአንዱ ፍየል የሌላውን ልጅ የሙሽራ ቀሚስ በልታ ነው። ባለቀሚሱ ከሞላ በስተቀኝ፣ ባለፍየሉ በስተግራ ተቀመጡ። ባለቀሚሱ «እጅጌው ብቻ ተረፈን» ሲል የሞላ ከንፈር በግራ በኩል ፈቀቅ አለ። ባለፍየሉ አየና መልሶ ፈገግ አለለት። ባለቀሚሱ አንገቱን አስግጎ ቢያይ፣ ሽማግሌው ለአንድ ወገን ይስቃል።

«አድልቷል» አለ።

«ኧረ አላደላም፣ ፊቱ ተጣሟል» አሉ ሌሎቹ ሽማግሌዎች። «ንፋስ መታው፣ ምስኪን።» መዳን በጀመረበት ቀን «ይማርህ» ብለው ከሽማግልናው አሰናበቱት።

ወደ ቆቦ ሲመለሱ ሚኒባሱ ውስጥ እንቅልፍ ወሰደው። በላይነሽ ጎንበስ ብላ አየችው። የግራ ዓይኑ ግጥም ብሎ ተዘግቷል። የቀኙ ገና ሽማግሌ ነው።