ሳይሰጡን አንቀምስም

አባባ እስከዳርን ለፍቅረኛዋ ለኢሳይያስ ሊጠይቅ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር የተላከ ዕለት፣ እኔ ጓደኛዋ ስለሆንኩ ቱክዊላ ከተማ እነሱ ቤት ኩሽና ውስጥ ነበርኩ። እሷ ሰላጣ እየከተፈች የሳሎኑን ወሬ ታዳምጣለች። እኔ ስልኬን አያለሁ። ስልኬ ላይ የአባባ ስኳር ይታያል።

ሆዱ ላይ የተለጠፈው ትንሽ መሣሪያ በየአምስት ደቂቃው የስኳሩን መጠን ለእሱም ለእኔም ስልክ ይልካል። አምና የልቡን ደም ሥር ክፍት የሚያደርግ ስቴንት ከገባለት በኋላ ዶክተሯ ያዘዘችለት ነው። «ለልብዎ የስኳር መውጣትም መውረድም ጠላት ነው፤ ድንገት መውረዱ ደግሞ ይብሳል» ብላዋለች።

አሁን ዘጠና ነው። ቀስቱ ግን ወደ ታች ዞሯል፤ ከሰባ በታች አደጋ ነው።

የእስከዳር እናት እትዬ የኔነሽ «ምሳ ደርሷል፣ ቶሎ ኑ» ስላሉት፣ መኪናውን ፓርክ እንዳደረገ ኢንሱሊኑን ተወግቷል፤ ከተወጋ ቶሎ መብላት አለበት። ሽማግሌ ደግሞ ልጅቷ ሳትፈቀድለት አይቀመጥም፣ አይቀምስም። አባባ ሁለቱንም ያውቃል፤ አንድ ላይ ግን አላሰባቸውም።

«ኧረ ቁጭ በሉ» ይላሉ የእስከዳር አባት አቶ ሀብተ ጊዮርጊስ።

«የመጣንበትን ሳናገኝ አንቀመጥም» አለ አባባ።

«ልጅቷ እኮ ገና ልጅ ናት።»

«ሠላሳ ዓመቴ ነው» አለች እስከዳር በሹክሹክታ።

«ለማንኛውም ዝምድና እንዳይኖር ሰባት ቤት እንቁጠር» አሉ አባቷ። ቆጠራው ተጀመረ። እነሱ ወደ ቅድመ አያት ሲወጡ አባባ ወደ ሰባ ሁለት ወረደ። ሳሎን ውስጥ ስልኩ ጮኸ።

«የሥራ ነው» ብሎ ዘጋው።

እስከዳር እጄን ጨበጠች። «ግቢ እንጂ!»

እዚያ ሳሎን ውስጥ ከሰላምታ በላይ ተናግሬ አላውቅም። የብርቱካን ጭማቂ በብርጭቆ ሞልቼ ገባሁ። አባባ ከረባቱን እንዳሰረ ቆሟል፤ ግንባሩ በላብ ርሷል።

«ጠጣ፣ አባባ።»

«ሳይሰጡን አልቀምስም። ሂጂ፣ ልጄ።»

«ሃምሳ ስምንት ገብቷል!» ድምፄ ካሰብኩት በላይ ወጣ።

«ምኑ?» አሉ አቶ ሀብተ ጊዮርጊስ ደንግጠው። «የልጁ ዕድሜ?»

«ስኳሩ ነው! ኢንሱሊን ወስዶ ምንም አልበላም። የልብ ታማሚም ነው።»

«በሉ ይጠጡ እንጂ፣ ጋሽ ገብረሕይወት!»

«ልጅቷን ይስጡኝና እጠጣለሁ» አለ አባባ። ፈገግ ይላል።

«እኛ እኮ ለሳምንት ተመለሱ ልንል ነበር።»

«ለሳምንት እኔን አታገኙኝም።»

እትዬ የኔነሽ ከመቀመጫቸው ተነሡ። «ሀብተ ጊዮርጊስ! ሰውየው ቤታችን ውስጥ ሊወድቅ ነው! ስጥ!»

«ሰጥተናል! ሰጥተናል፣ ይጠጡ!»

አባባ ብርጭቆውን በአንድ ትንፋሽ ጨልጦ ሶፋው ላይ ተቀመጠ። ማንም እልል አላለም። ሁሉም ስልኬን ከበቡ።

«ስንት ገባ?» አሉ አቶ ሀብተ ጊዮርጊስ።

«ሃምሳ አምስት።»

«ይወርዳል እንዴ? ሌላ ጭማቂ አምጡ!»

ሁለተኛውንም ጠጣ። ቁጥሩ እስኪቀየር ድረስ ስልኩ ላይ አፈጠጥን። ሃምሳ ሰባት። ቀስቱ ተጋደመ። ከዚያ ጮኽኩ፤ እኔ ራሴ ጮኽኩ፦

«ስልሳ ስምንት! ወደ ላይ!»

እልልታው ቤቱን አናጋው። አባባ ላቡን እየጠረገ ሳቀ።

«ይሄማ ሽምግልና አይደለም» አሉ አቶ ሀብተ ጊዮርጊስ፤ «ጠለፋ ነው!»

«ሰጥተናል ብለዋል፤ ምስክር አለን።»

እስከዳር ሽማግሌ ፊት መውጣት እንደሌለባት ረስታ፣ የሰላጣ ቢላዋ በእጇ እንደያዘች እየሮጠች መጣች። ስልኩን ነጠቀችኝ።

«ሰማንያ አንድ!» አለች። እንደገና እልል ተባለ።