በአባት ስም የተቀዳ ደም

«ክንድህን አሳየኝ አልኩህ።»

«ተይኝ እንጂ፣ ሰው ይሰማል።»

«ይስማ። እኔ ስመረምረው የከረምኩት የአባዬን ደም አይደለም።»

እህትና ወንድም ጓዳው በር ላይ ቆመው ነው። ከሳሎን የለቀስተኞች ጨዋታ ይሰማል። ትናንት፣ ከቀብሩ በፊት፣ የአባቷን ፊት ገልጣ አይታ ነበር፤ እንደ እርድ ቢጫ ሆኗል። ሆዱ ውሃ ቋጥሮ ተወጥሯል።

የምትሠራው ሆስፒታል ላቦራቶሪ ውስጥ ነው። ጉበቱ ክፉኛ የተጎዳ ሰው ቆዳን ቢጫ የሚያደርገው ቢሊሩቢን ሲወጣ፣ ጉበት የሚሠራው ፕሮቲን አልቡሚን ሲወርድ፣ ደሙም አልረጋ ሲል ዕድሜው እያጠረ መሆኑን ታውቃለች። የአባቷ ቁጥሮች ግን ካረገዘች ወዲህ ተስተካክለው ነበር። መድኃኒቱ ሰመረለት ብላ ደስታዋን አልቻለችውም። ሐኪም ጉዞ ስለከለከላት እስከ ትናንት እዚህ መጥታ አላየችውም፤ ደሙን በበረዶ ሳጥን ይዞ እሷ እስካለችበት ከተማ የሚመላለሰው የሚያስታምመው ታናሽ ወንድሟ ነበር።

ውጤት በወጣ ቁጥር አባቷ ይደውላል።

«ዳኛዬ፣ ምን ፈረድሽ?»

«በነጻ ተለቀሃል አባዬ።»

ይስቃል። እሷም ትስቃለች።

ወንድሟ እጅጌውን ሰበሰበ። የመጨረሻው መርፌ ያበለዘው ቦታ ገና አልጠፋም።

«ሁለቴ ጨንግፎብሻል» አለ። «‹በእኔ ሐሳብ ይሄንንም ታጣዋለች› ብሎ አባዬ አስማለኝ። ምን ላድርግ?»

«የአባዬ ሐኪም እኮ ቀጠሮውን ያራዘመለት የእኔን ውጤት አይቶ ነው። ‹ተሽሎታል› ብዬ የፈረምኩት እኔ ነኝ።»

እሷ ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«አባዬ ስልኩን ሲዘጋ ምን ይል ነበር?»

ወንድሟ መሬት መሬት አየ። «‹አመነች› ይላል። ከዚያ ይተኛል።»

ሳሎን ውስጥ የአባቷ የልብ ወዳጅ፣ ሽማግሌው ልብስ ሰፊ፣ ሟቹ ውሸት እንደማይሆንለት፣ ገና ሊዋሽ ሲያስብ ጆሮው ፍም እንደሚመስል እያወራ ለቀስተኛውን ያስቃል። በስልክ ጆሮ አይታይም።

የወንድሟን እጅጌ ራሷ ወደ ታች ሳበችው። አንጓው ላይ ያለውን ቁልፍ ቆለፈችለት። ቀና ብላ ግን አላየችውም። ሳሎን ገብታ ከወንበሯ ላይ ነጠላዋን አንስታ፣ በለቀስተኞቹ ጉልበት መሀል ሆዷን ይዛ አልፋ ወጣች።

ልብስ ሰፊው ሌላ ጨዋታ ጀመረ። አንድ ዘግይቶ የደረሰ ጎረቤት ባዶ የቀረውን ወንበሯን ስቦ ተቀመጠ።