የሙሴ ኖርማን ውሻ

ሌ ፋርዥ አምስት ቤት ያላት የፈረንሳይ መንደር ናት። ከአምስቱ አንዱ የእንግሊዙ ነው። በቀሩት አራቱ ውስጥ የምንኖረው ሁላችንም ተጠራርተን ብንወጣ ሰባት አንሞላም፤ ከመካከላችን ልጅ የሚባለው ስልሳ ስምንት ዓመቱን ደፍኗል። ስለዚህ አንድ ደንብ አለን። ማንም አላወጀውም፣ የትም አልተጻፈም። ጠዋት እስከ ሁለት ሰዓት የመስኮቱን ሳንቃ ያልከፈተ ሰው በሩ ይንኳኳል፤ በቃ። ሬሞንድ ባሏ ኦክታቭ ከሞተ ወዲህ፣ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ፣ ብርድ ይሁን ዝናብ፣ ልክ አንድ ሰዓት ላይ ያንን ከባድ ሳንቃ ከግንቡ ጋር ጓ! ታደርገዋለች። መንደሩም በየአልጋው ሆኖ «አለች» ይላል።

የእንግሊዙ ቤት ግን በዚህ ደንብ ውስጥ የለበትም። ከዓመቱ አሥሩን ወር ዝግ ነው። ዝግ የከረመ ቤት ማን ሊያንኳኳ ይሄዳል?

«ሙሴ» የምንለው አቶ ለማለት ነው፤ ሙሴ ኖርማንና ሚስቱ ጁን ቤቱን ከገዙት አሥራ ስምንት ዓመት ሆኗቸዋል። ለፋሲካና ለበጋ ይመጣሉ፣ ቅጠሉ ሳይረግፍ ይሄዳሉ። ጁን ፈረንሳይኛዋ ከሃያ ቃል አይበልጥም ነበር፤ ቢሆንም ከሬሞንድ ጋር ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ባቄላ ሲፈለፍሉ ወሬያቸው አያልቅም። እሱ በደንብ ይናገራል፣ የምንለውን ሁሉ ይሰማል፤ ግን ቁጥብ ነው። ቁልፉ ሬሞንድ ዘንድ ነበር። እንዳይጠፋባት ቀይ የሱፍ ክር አስራበት፣ ማድቤቷ ውስጥ ከሚስማር ላይ ታንጠለጥለዋለች። በየዓርቡ ትገባለች፣ ደብዳቤ ትሰበስባለች፣ ቧንቧውን ታያለች፣ ሳንቃውን ከፍታ ቤቱን ታናፍሳለች። አመስግኑኝ ብላ አታውቅም፤ ግን «ቁልፉ እኔ ዘንድ ነው» ስትል አንገቷ ቀና ይል ነበር።

ባለፈው ጥር ጁን ሞተች፤ እዚያው አገሯ። ወር ሳይሞላ፣ ሬሞንድ ጉንፋን ጥሏት ሊሞዥ ከተማ ልጇ ቤት ተኝታ ሳለች፣ ሌባ ገባ። የግድግዳውን ሰዓት ወሰደ፣ የጁንን የስፌት መኪና ወሰደ፣ የመታጠቢያ ቤቱን ቧንቧ ሳይቀር ነቅሎ ሄደ።

ኖርማን ለፋሲካ ብቻውን መጣ። ከስቷል፣ ኮቱ ሰፍቶታል። ቤቱን ዞሮ ዞሮ ወጣና መንገዱ መሃል ሬሞንድ ፊት ቆመ። ጎረቤታችን ፈርናንድም ከጓሮው ሽንኩርት ነቅሎ ሲመለስ እዚያው ደረሰ።

«በሩ አልተሰበረም፣ ማዳም ሬሞንድ» አለ ኖርማን።

«አይቻለሁ፣ ሙሴ ኖርማን።»

«መስኮቱም አልተሰበረም።»

«እና?»

«ቁልፍ ያለን ሁለት ነን። እኔ እንግሊዝ ነበርኩ።»

ሬሞንድ ክው አለች። ፈርናንድ ሽንኩርቱን ታቅፎ መሬት መሬቱን ያያል። እሷም ገብታ ቁልፉን ከነቀይ ክሩ አመጣችና መዳፉ ላይ አኖረችለት።

«ይኸውልዎ። ከዛሬ ጀምሮ ቤትዎን ራስዎ ይጠብቁ።»

ሰው ሐዘን ላይ ሲሆን የማይናገረው የለም፣ ይታወቃል። ግን ሌባ መባል በሰባ አንድ ዓመት! ያውም ፈርናንድ ፊት፣ እሱ የሰማውን አገሩ ሁሉ የሚሰማው ሆኖ ሳለ! በዚያ ሳምንት ለሁላችንም አንድ በአንድ ነገረችን፤ ከዚያ በኋላ ስሙን አላነሳችም።

እሱም በጋውን ሁሉ ምሽግ ሲሠራ ከረመ። በየመስኮቱ ብረት አስገባ። ሦስት መወርወሪያ ያለው አዲስ ቁልፍ በሩ ላይ አስገጠመ። የደብዳቤ ማስገቢያዋን ቀዳዳ እንኳ በቆርቆሮ ደፈናት። መሸት ሲል ራሳቸው የሚበሩ፣ ሌሊት ራሳቸው የሚጠፉ መብራቶች አኖረ፤ ሰው ያለ እንዲመስል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ውሻውን አመጣ። ውሻ ስል ውሻ እንዳይመስላችሁ፤ ዕቃ ነው። ኮሪደሩ ውስጥ መደርደሪያ ላይ የተቀመጠች ቀይ ዓይን አለችው፣ ውጭ ከጣሪያው ሥር ደግሞ ጡሩምባ። ፊቷ አንድ ነገር ሲንቀሳቀስ ያ ጡሩምባ እንደ ትልቅ ውሻ ሦስት ጊዜ ይጮኻል።

«አይበላ፣ አይጠጣ፣ አያረጅ» አለ ፈርናንድ። «ሬሞንድ፣ ለአንቺ የሚሻልሽ እንዲህ ያለ ባል ነበር።»

«እንዲህ ያለማ ነበረኝ፤ የሱ መብላቱ ብቻ ነው ልዩነቱ።»

በነሐሴ ሌቦቹ ተያዙ። ሁለት ወንድማማቾች ናቸው፤ ከኋላ ባለችው በድሮዋ የከሰል ማስገቢያ ሾልከው ነው የገቡት። ፈርናንድ ጋዜጣውን እያውለበለበ ሬሞንድ ደጅ ድረስ ሮጠ። ኖርማን ግን በዚያው ሳምንት ወደ አገሩ ሄዷል። ፖሊስ እንደነገረው እናውቃለን፤ ሳይሄድ ያችን ማስገቢያ በሲሚንቶ አስደፍኗል። አንድ ቃል አልመጣም፣ አንዲት ወረቀት አልመጣችም።

«ስልክ የለውም? እጁን ቆርጠውታል?» ትላለች ሬሞንድ።

«ያፍራል እንጂ» ይላል ፈርናንድ።

«ይፈር! እኔ እንደሆን ምንም አልፈልግም።»

ውሸቷን ነው። ስልክ በጮኸ ቁጥር ድስቱን እሳት ላይ ትታ ትሮጥ ነበር። የፈለገችው አንድ ነገር ነው፤ ያ ሰው በዚያችው አፉ፣ በዚያው መንገድ ላይ ቆሞ «በድዬሻለሁ» እንዲላት።

የቅዱሳን ሁሉ በዓል ደረሰ። የዚያን ዕለት እንደ ልማዳችን አበባችንን በየማሰሮው ይዘን መቃብር ወጣን፤ ከዚያ የፈርናንድ እህት ቤት ምሳ በላን፣ ካርታ ተጫወትን። መንደሯ ውስጥ ከድመት በቀር ማንም አልነበረም። ሬሞንድ ስትመለስ ዓይን ሊይዝ ነው። ሳንቃዋን ስባ ጓ! ስታደርግ ከማዶ ውሻው ሦስት ጊዜ ጮኸ።

«ኧረ ወዲያ! ልቤን አጠፋኸው» አለች።

በእንግሊዙ ቤት የሳንቃ ስንጥቅ መብራት ይታያል። ሁልጊዜም በዚህ ሰዓት ይታያል፤ የሚበራው ራሱ ነው። ሳንቃዎቹ እንደተዘጉ ናቸው፣ መኪና የለም። ገብታ ተኛች።

በማግስቱ አንድ ሰዓት ላይ ስትከፍት፣ ጮኸ። ማታ ስትዘጋ፣ ጮኸ። በሁለተኛው ቀን ጠዋትም እንዲሁ።

«የሳንቃዬ ድምፅ ነው የሚቀሰቅሰው» አለች ለፈርናንድ። «ቀን ጭጭ ይላል፤ እኔ መስኮት ጋ ስቆም ይጀምራል።»

«ሰላምታ እየሰጠሽ ነዋ! ኩርፊያው በቃ እያለሽ ነው።»

«ሰላምታውን ባለቤቱ ያምጣው።»

«አይጥ ገብቶበት እንዳይሆን። ገብተን እንንቀልለት?»

«በምን ቁልፍ?» አለች፤ እንዴት እንዳለችው! «ቁልፍ የወሰደ ሰው ውሻውንም ራሱ ዝም ያሰኝ።»

ፈርናንድ ግን ደግ ነው፣ እንግሊዝ አገር ወዳለው ቤቱ ደወለ። ጠራ ጠራና ቀረ። ደግሞ ደወለ።

«አያነሳም።»

«እኛ መሆናችንን አውቆ ነዋ» አለች ሬሞንድ። እንግዲህ ይኼን ያህል ጠልቶናል ማለት ነው ብላ አሰበች፤ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ለዚያ ቤት ጆሮ ዳባ ልበስ አለች።

በሦስተኛው ቀን ሲያዘንብ ዋለ። ጉልበቷን ሲቆረጥማት ስለዋለ ሳንቃውን ከወትሮው ቀደም አድርጋ ዘጋች። ጓ! ሦስት ጩኸት። ከዚያ ደግሞ ሦስት። ደግሞ ሦስት። እንደ ሌላው ቀን አላቆመም፤ አሥር ደቂቃ፣ ሩብ ሰዓት፣ ያለማቋረጥ። ሬሞንድ ሾርባዋ ፊት ተቀምጣ ሁለት እጇን ጆሮዋ ላይ አደረገች። በመጨረሻ ደሟ ፈላ፤ ተነሥታ ሳንቃውን በረገደችና ወገቧ ድረስ ወደ ውጭ ወጣች።

«ዝም በል! ዝም በል አልኩ! ሰለቸኸኝ፣ በቃኝ!»

ጸጥ አለ። ዝናቡ ብቻ ቀረ። እሷም መልሳ ዘጋችና ብቻዋን ሳቀች፤ ይኼ ጉደኛ ዕቃ ሰማኝ ብላ። ሾርባዋን ጨርሳ፣ ያን ሌሊት ከሰነበተችበት ይልቅ ደህና እንቅልፍ ተኛች።

በአራተኛው ቀን አንድ ሰዓት ላይ ሳንቃውን ከፈተች። ምንም የለም። እሰይ ብላ ገባችና ዳቦዋን ቆረጠች፣ ቅቤ ቀባች፤ አልበላችውም። የሆነ ነገር ጎደላት። ተመልሳ ሳንቃውን ዘግታ ከፈተችው። ምንም። አሁንም ዘግታ፣ ግንቡ እስኪፈነቀል ጓ! አደረገችው።

ፈርናንድ ከማዶ ብቅ አለ። «ምነው? መስኮት መክፈት ጠፋሽ እንዴ?»

«ውሻው አልጮኸም።»

«ተመስገን! ባትሪው አለቀ።»

«ትናንት ዝም በል አልኩት።»

«እና?»

«ዝም አለ፣ ፈርናንድ። ዕቃ ዝም በል ሲሉት ዝም ይላል እንዴ?»

ሬሞንድ በነጠላ ጫማዋ መንገዱን ተሻገረች፤ ከፋሲካ ወዲህ ያንን ደጃፍ ስትረግጥ የመጀመሪያዋ ነው። ዓይኗን በሳንቃው ስንጥቅ ላይ አጣበቀች። መብራቱ በርቷል፤ በጠዋት መብራት የለበትም ነበር። ወለሉ ላይ አንድ ሻንጣ ቆሟል።

«ሻንጣ» አለች። ከዚያ ጮኸች። «ሙሴ ኖርማን! ሙሴ ኖርማን! እኔ ነኝ፣ ሬሞንድ ነኝ!» በሩን በጡጫ ደበደበችው፤ ፈርናንድ በትከሻው ገፋው። የግንቡ ውፍረት ክንድ ይሆናል፤ በሩም አልተነቃነቀም።

ፈርናንድ የጠራቸው የእሳት አደጋ ሰዎች ቶሎ ደርሰው ነበር። መግባቱ ነው አርባ ደቂቃ የወሰደባቸው። በመስኮቱ ሞከሩ፣ ብረት። በከሰል ማስገቢያዋ ሞከሩ፣ በሲሚንቶ ተደፍናለች። በሩን አንዱን መወርወሪያ ሲቆርጡ ሁለተኛው፣ ሁለተኛውን ሲቆርጡ ሦስተኛው። ሬሞንድ ዝናቡ ውስጥ ቆማ «ቶሎ በሉ እንጂ፣ ቶሎ በሉ» ትላለች፤ ማንም ገብተሽ ተቀመጪ ሊላት አልደፈረም።

ከደረጃው ሥር ነበር። ወደ ላይ ሲወጣ ወድቆ ዳሌው ተሰብሯል። ስልኩ ኮቱ ውስጥ፣ ኮቱ ከበሩ ኋላ መስቀያ ላይ ነው። ከወደቀበት አንድ ስንዝር እንኳ ፈቅ ማለት አልቻለም። ቀኝ እጁ ምርኩዙን ይዟል፤ ምርኩዙ በወለሉ ላይ እስከ መጨረሻው ተዘርግቶ ጫፉ ወደ መደርደሪያው፣ ወደ ቀይዋ ዓይን ያመለክታል። ሐኪሙ ጎንበስ ብሎ አየውና «ትናንት ከመሸ በኋላ ነው፤ ሌሊቱን አላጋመሰም» አለ።

ከሰዎቹ አንዷ ቃሬዛውን ልታስገባ በመደርደሪያው ፊት አለፈች። ጣሪያው ሥር ውሻው ሦስት ጊዜ ጮኸ። ሁላችንም ደነገጥን። ባትሪው አላለቀም ነበር።

ሬሞንድ ያኔ የበሩ ደፍ ላይ ተቀመጠች። ሳንቃዬን ሲሰማ ነበር አለች። መስኮት ጋ መሆኔን ሲያውቅ ነበር ምርኩዙን የሚያወዛውዘው አለች። ለፈርናንድ አይደለም የምትናገረው፣ ለማንም አይደለም። ሰውዬው ፈረንሳይኛ በደንብ ይሰማ ነበር፤ ስለዚያ ግን ምንም አላለችም፣ እኛም አላነሳንባትም።

የጎን ኪሱን ሲፈትሹ አንድ ቁልፍ ወጣ፤ የአዲሱ መቆለፊያ መክፈቻ።

«ይኼን ክር የሚያውቀው አለ?» አለች ያችው ሴትዮ።

ቁልፉ ላይ የታሰረው ያረጀ ቀይ የሱፍ ክር ነው። ፈርናንድ ሬሞንድን አየ፣ ሬሞንድ ቁልፉን አየች፣ እጇን ግን አልዘረጋችም። ከባቡር ጣቢያ ያመጣው ባለ ታክሲ በኋላ እንደነገረን፣ ኖርማን ዓይኑ ደክሞ መኪና መንዳት ትቷል፤ በበዓሉ ከሰዓት ከታክሲው እንደወረደ ወደ ቤቱ አልገባም፣ ቀጥ ብሎ የሬሞንድን በር አንኳኳ። ማንም አልከፈተለትም። «መቃብር ወጥተው ነው፤ ሲመጡ ሳንቃቸውን እሰማለሁ» ብሎት ገባ።

የዚያን ዕለት ማታ ልጇ ከሊሞዥ ልምጣ ብላ ደወለች፤ ሬሞንድ አይሆንም አለች። በማግስቱ አንድ ሰዓት ላይ ነቅታ አልጋዋ ውስጥ ነበረች። ሳንቃው እንደተዘጋ ነው። ተነሥታ መክፈት ነበረባት፤ እጇ እሺ አላላትም። ያንን ጓ! የሚለውን ድምፅ መስማት አልቻለችም። አንድ ተኩል ሆነ። ሁለት ሰዓት ሆነ። የግድግዳውን ሰዓት በጨለማው እያዳመጠች ቆየች።

ከሁለት ሰዓት አሥር ደቂቃ አላለፈም፤ ጠጠሩ ላይ የጫማ ድምፅ መጣ፣ በሩም ተንኳኳ።

«ሬሞንድ! አንቺ ሬሞንድ፣ አለሽ?»

አሥር ደቂቃ አለች በልቧ። ለእኔ አሥር ደቂቃ።

«አለሁ» አለች። ድምፅዋ ግን ታፍኖ ከክፍሉ አልወጣም። ፈርናንድ አልሰማትም፤ ማንኳኳቱን ቀጠለ።